ከሩቅ የሚታይ ቀለም

እናቴ የሰው ጉድለት አይታ ዝም ማለት የማይሆንላት ሴት ናት። ጎረቤት አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ቢመጣ፣ «በጤና ልበሰው» ከማለቷ በፊት የትኛው ቁልፍ ያለ ቦታው እንደተቆለፈ ትነግረዋለች። እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን «አምሮብሻል» የሚል ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስመረቅ «የጫማሽ ተረከዝ ተበልቷል» አለችኝ። ሳገባ «ቬሎሽ ከኋላ ተሸብሽቧል» አለችኝ። ስፈታ ደግሞ «ድሮም ኮት ትከሻው ላይ አይቀመጥለትም ነበር» ብላ አጽናናችኝ። ምላሷ ምላጭ ነው። ግን አትዋሽም፤ ስለዚህ ሰው ፊት የምንኮራባት እኛው የተቆረጥነው ነን።

እንግዲህ የዛሬ ሁለት ዓመት ድንገት «ዛሬ አምሮብሻል የኔ ልጅ» ማለት ስትጀምር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። እርጅና አለሰለሳት አልኩ። ሌላ ከተማ የሚኖረው ወንድሜም ሊጠይቃት መጥቶ «አምሮብሃል» ተብሎ ሄደ፤ ያን ሰሞን ሆዱ ቀበቶውን አልፎ መንገድ ጀምሮ ነበር። ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን ምስጋናችንን ዋጥን።

አንድ ቀን ከሥራ ቱታዬን ሳልቀይር፣ ግንባሬ ላይ የመኪና ስቱኮ እንደደረቀ ገባሁ። እናቴ ቀና አለችና «እሰይ! እንዴት ያለ ልብስ ነው፣ አምሮብሻል» አለችኝ። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እናቴ አልለሰለሰችም፤ ማየት አቁማ ነው እንጂ።

እናቴ የምታይባት አንዲት ዓይን ናት። ግራዋ እኔ ሳልወለድ በፊት በሕመም ጠፍታለች። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» የሚባለው ለልጅ ነው፤ እኔ ግን ለዚያች ለቀኝ ዓይኗ ስል እንቅልፍ አጣሁ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የዓይን ሞራ ነው ተባለና ተገፈፈላት። ፋሻው በተፈታ ቀን ወጣቱ ሐኪም ከእሷ ይልቅ እሱ ደስ ብሎት፣ «አዩ አይደል እማማ?» ሲላት፣ ትኩር ብላ አየችውና «አየሁ ልጄ፤ ስትላጭ አገጭህ ሥር ጢም ዘለሃል» አለችው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቤታችን ውስጥ መግቢያ መውጫ አሳጣችኝ፤ እንዴት ደስ ይል ነበር! መጋረጃው ወይቧል፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አቧራ ተኝቷል፣ አንዱ ቅንድቤ ከሌላው ጋር ተኳርፏል። ከዚያ ክረምቱ ገባና ትችቱ እየሳሳ መጣ። መጀመሪያ ቅንድቤን ተወችኝ፤ ቀጥሎ መጋረጃው ተረሳ። አንድ ማለዳ ሻይ ሳቀብላት ፊቷን ወደ እኔ መልሳ «ዛሬ አምሮብሻል» አለችኝ። ብርጭቆዬን አስቀምጬ ጠጋ አልኳት።

«እማዬ፣ ዓይንሽ እንዴት ነው?»

«ብርሃን ነው! ምን ይሆናል?»

«እስቲ ጣቴ ስንት ነው?»

«አንቺ! ደግሞ ቁጥር ልታስተምሪኝ ነው? ይልቅ ሥራ ረፈደብሽ።»

የክትትል ቀኗ ሲደርስ ጉዳዩ ይለያል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰንጠረዥ አለ፤ ሹካ የመሰለ ምልክት ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድሯል፤ የሐኪሙ ረዳት ስትጠቁም የሹካው ጥርስ ወዴት እንደዞረ መናገር ነው። እናቴ አንዴም ሳትደናቀፍ «ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ታች፣ ቀኝ» እያለች እስከ መጨረሻው መስመር ወረደች። ሐኪሙ «ጎበዝ እማማ!» አለ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጨረሻ ቀጠሮ አለን፤ ከዚያ ፋይልዎን እንዘጋለን።»

እኔ ምን ልበለው? «ዶክተር፣ እናቴ አመስግናኛለችና አታይም» ልበለው? የእሷ ፋይል ተዘግቶ የእኔ ይከፈት ነበር። ግን ልቤ እምቢ አለኝ። ፋይሉ ከተዘጋ እናቴ በበኩሏ ሐኪም ቤት ደግማ አትረግጥም፤ ያቺ አንዲት ዓይንም ዝም እንደተባለች ትቀራለች። ማወቅ ነበረብኝ። እሷ ቤቱን በእጇ፣ ሰውን በእግሩ ኮቴ፣ ልብስን በጨርቁ ታውቃለች። በጆሮም፣ በአፍንጫም፣ በግምትም የማይደረስበት ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

ሥራዬ የመኪና ቀለም ቅመማ ነው። ቀጥቃጩ የተጋጨውን አቃንቶ ሲጨርስ፣ አዲሱ በር ከአሮጌው ጎን ሲገጠም እንዳይለይ ቀለሙን የማዛምደው እኔ ነኝ። በሃያ ዓመት ሥራዬ ጥሩ ቀምመሻል የተባልኩት ማንም ምንም ሳያይ ሲያልፍ ነው። አሁን ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳያየው ማለፍ የማይችለው ቀለም ፈለግሁ። የት እንደምቀባውም አውቄዋለሁ። እናቴ መቼም መጀመሪያ የምትፈርደው በፊቴ ላይ ነው።

ኮስሞቲክስ ሱቁ ስገባ ሻጯ ከላይ እስከ ታች ቃኘችኝ። ጥፍሬ ሥር ሦስት ዓይነት ሰማያዊ ስላለ አልፈርድባትም።

«የጉንጭ ቀለም ፈልጌ ነበር።»

«ለራስዎ ነው እትዬ?» አለችና ትንሽ ክብ ዕቃ ከፈተችልኝ። «ይሄ በጣም ይፈለጋል። የተፈጥሮ ነው የሚመስለው፤ መቀባትዎን ማንም አያውቅብዎትም።»

«ማንም ካላወቀማ ምን ይረባኛል?»

ጠቆር ያለ ሮዝ አወጣች። እሱንም መለስኩት። ብርቱካንማ አወጣች። መለስኩት።

«ከዚህ የባሰ የለሽም?»

«የባሰ?» አለች፤ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ጥያቄ የቀረበላት አይመስለኝም።

«ከመንገዱ ማዶ የሚታይ። ሽታ ግን እንዳይኖረው።»

«ለመድረክ ነው?»

«ለምርመራ ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። ጎንበስ ብላ ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ዕቃ አወጣችና ክዳኑን በእጅጌዋ ጠርጋ ሰጠችኝ። ስከፍተው፣ እግዚኦ! የበሰለ ቲማቲምና የቡጢ ምልክት ተጋብተው የወለዱት ቀለም ነው። ክንዴ ላይ ሞከርኩት። በሱቅ አምፖል ቀለም አይፈረድም፤ አምፖል ያባብላል። ስለዚህ የሙያዬን ደንብ ጠብቄ፣ ዕቃውን እንደያዝኩ ክንዴን ዘርግቼ ወደ በሩ ወጣሁ።

«እትዬ! እትዬ! አልከፈሉም እኮ!» እያለች ሻጯ ተከተለችኝ።

ፀሐዩ ላይ ደግሞ ባሰበት። «ይሄው ነው» አልኳት። «ጠቅልይልኝ።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጋራዡ ውስጥ በሩ የተጨረማመተ ነጭ መኪና የጎን መስታወት ፊት ቆሜ ሁለቱንም ጉንጬን ቀባሁ። እኔ ወትሮ ከቅባት ሌላ ፊቴን የማስነካ ሰው አይደለሁም። ቀጥቃጩ ከመኪናው ሥር ወጣና መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። አብረን ስንሠራ አሥራ ሁለት ዓመታችን ነው፤ የሚጠራኝም «ቀለሟ» እያለ ነው።

«ቀለሟ፣ የፍሬን መብራትሽ በርቶ ቀርቷል።»

«ዝም በል። ለእናቴ ነው።»

«እናትሽ ምን በደለችሽ?»

ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ። «ይህን አይታ ከሰደበችሽ ታያለች ማለት ነዋ» አለ። «ካመሰገነችሽስ?»

«ካመሰገነችኝ አታይም፤ ሐኪሙም አላወቀም ማለት ነው» አልኩት።

«በይ ሂጂ» አለኝ። «የጋራዡ ማስተር ከጠየቀ ቀለም ልታይ ወጥታለች እለዋለሁ። ደግሞም ውሸት አይደለም።»

አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ አየኝ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ መጀመሪያ ጉንጬን፣ ቀጥሎ የጋብቻ ቀለበት የሌለበትን ጣቴን አይተው፣ ሲወርዱ ክንዴን ጨበጥ አድርገው «አይዞሽ እህቴ፣ ያልፋል» አሉኝ። ቀለሙ ሥራውን እየሠራ ነው አልኩ በሆዴ። እባክሽ ስደቢኝ እማዬ፣ እባክሽ ፊትሽን አጨማደሽ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» በይኝ፣ እያልኩ ደረጃውን ወጣሁ።

እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የታጠበ ካልሲ ታጣምራለች። ገና ሳልናገር «መጣሽ? ዛሬ በጊዜ ነው» አለች፤ ኮቴዬን ሰምታ ነው። ወንበር ስቤ ጉልበቴ ጉልበቷን እስኪነካ ድረስ ተጠግቼ ተቀመጥኩ። የመስኮቱ ብርሃን ፊቴ ላይ ነው። ከዚህ የተሻለ ብርሃን ጋራዡም ውስጥ የለኝም።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«እንዲሁ ነው። እይኝ ብዬ ነው።»

ፊቷን ቀና አደረገች። ዓይኗ መጥታ ጆሮዬ አካባቢ አንድ ቦታ አረፈች። እዚያም ትንሽ ቆየች። ከዚያ እናቴ ፈገግ አለችና «እሰይ የኔ ልጅ» አለች፣ «አምሮብሻል።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የሚያም ቃል ሰምቼ አላውቅም። ጉልበቷ ላይ ያሉትን ካልሲዎች አየኋቸው፤ ጥቁሩ ከሰማያዊው፣ ግራጫው ከቡኒው ጋር በጥንቃቄ ተጣምሯል። ወደ አሥር ጥንድ ይሆናል። እጇን ያዝኩና ወደ ጉንጬ ወሰድኩት። በጣቷ ዳሰሰች፤ ጣቶቿን አፋተገች፤ አሸተተች።

«ዱቄት ነው?»

«ቀይ ቀለም ነው እማዬ። ከመንገድ ማዶ ይታያል። አውቶቡስ ሙሉ ሰው አይቶታል።»

እጇን ከእጄ ቀስ ብላ አወጣች። ጣቶቿን በአንዱ ካልሲ ጠረገች።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኳት።

«ክረምቱ ሲገባ። ጭጋግ ነው። መጀመሪያ መስኮቱ የቆሸሸ መስሎኝ ጠረግሁት።»

«ሰንጠረዡንስ እንዴት አነበብሽው?»

እናቴ ወገቧን ቀና አድርጋ በቃሏ አነበነበችው። «ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ታች፣ ቀኝ። ላይ፣ ግራ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ። በሩ ክፍት ነው፤ አግዳሚው ላይ ከእኔ በፊት ዘጠኝ ሰው ነበር፤ ረዳቷ ሁልጊዜ የምትጀምረው ከአንድ ጫፍ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ሰምቶ ያላጠና ከብት ነው።»

ለማልቀስ የደረስኩት ሴትዮ ሳቄ አመለጠኝ። «ሲሉ ሰምታ አሉ! ለምን እማዬ? ለምን ደበቅሽኝ?»

«ያ ልጅ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር አላየሽም?» አለች። «‹አዩ አይደል እማማ› እያለ፣ እንደ ልጄ። ደክሞ የሠራውን ሥራ ‹ተበላሸ› ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞም...» ድምጿ ወረደ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጎንበስ አትበይ፣ ከባድ አታንሺ ብሎኝ ነበር። አንቺ ሥራ ስትሄጂ ብርድ ልብሱን አጠብኩት። ያንን ትልቁን። ጨምቄ አሰጣሁት። እሱ በደረቀ በሳምንቱ ነው ጭጋጉ የመጣው። ለአንዲት ብርድ ልብስ ብዬ ዓይኔን ሸጥኳት፤ ይህን ለማን ልናገር?»

እናቴ ሰውን ሁሉ ስትተች ኖራ ራሷን ስትከስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ይህን ብቻዋን ተሸክማ፣ እኔን «አምሮብሻል» እያለች። አቅፌያት ቆየሁ። ስትለቀኝ የካናቴራዋ ትከሻ ቀልቷል፤ አልነገርኳትም።

በማግስቱ ቀጠሮ ሳንጠብቅ ሄድን። እዚያው አግዳሚ ላይ ስንቀመጥ ክንዴን አጥብቃ ይዛ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ራሷ ቀድማ ተናገረች፤ ሰንጠረዡን አጥንታ እንዳታለለችው፣ ብርድ ልብሱን፣ መጭመቋን፣ ሁሉንም። እሱ እየሰማ አፉ ተከፈተ። ረዳቷ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ሳቁ ትከሻዋን ይንጠው ነበር።

ሐኪሙ ዓይኗን በመሣሪያው ውስጥ አየ። እንደገና አየ። እኔ የነጭ ጋዋኑን ቁልፎች እመለከት ነበር፤ አራት ናቸው፤ አንዱ የላላ ነው።

«እማማ» አለ ቀና ብሎ፣ «ዓይንዎ አልተበላሸም። ካስገባንልዎ ሌንስ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን ደመና ሠርቷል። በብዙ ሰው ላይ የሚመጣ ነው። በጨረር እንከፍተዋለን፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ቢላ የለውም?»

«ቢላም መርፌም የለውም።»

«ብርድ ልብሱስ?»

«ብርድ ልብሱ ምንም አላደረገም። ጎንበስ አይበሉ ያልኩት ለሌላ ነገር ነበር፤ እሱም ጊዜው አልፏል። ይህ ባያጥቡም ይመጣ ነበር።»

«ባላጥብም?»

«ባያጥቡም።»

እናቴ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ጨረሩ እዚያው በዚያው ሲደረግላት የፈራች አይመስለኝም፤ የሚያስፈራው ነገር ቀድሞ ወጥቶላታል። ስንወጣ ረዳቷ «ከእንግዲህ ከመሃል ነው የምጀምረው» ብላ ሹክ አለችኝ።

ለጨረሩ የተጨመረላት ጠብታ ዓይኗን ስላፈዘዘው ያን ቀን ምንም አይለይላትም ተባልን። ማየቷ የሚታወቀው በማግስቱ ነው። ያን ዕለት ሁለታችንም ስለ ዓይን ሳናወራ፣ ካልሲዎቹን አብረን እንደገና አጣመርን። እኔ ቀለሙን እነግራታለሁ፤ እሷ ታጣምራለች።

ጠዋት ከእሷ ቀድሜ ተነሣሁ። ኮሪደሩ ላይ ባለው መስታወት ፊት ቆሜ ያንን መከረኛ ቀለም ቀባሁ። ሻይ አፍልቼ ገባሁ። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያየች ነበር። ብርጭቆውን አቀበልኳት። ተቀበለችኝ፤ ልትጠጣ ስትል አየችኝ። ዓይኗ ጆሮዬ ላይ አልሄደችም። ቀጥ ብላ ጉንጬ ላይ መጣች፣ ወደ ሌላው ጉንጬ ተሻገረች፣ ተመለሰች። ብርጭቆውን ሳትጠጣ አስቀመጠችው።

«በስመ አብ! ይህን ነው አውቶቡስ ሙሉ ሰው ያየው?»

«ይህን ነው» አልኩ።

«እኔ ይህን ነው አምሮብሻል ያልኩት?»

«አዎ።»

«ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ» አለች እናቴ። ከዚያ ጠጋ ብላ አጤነችኝ። «ደግሞ የግራው ከቀኙ ይበዛል።»

ሮጬ ወደ መስታወቱ ሄድኩ። እውነቷን ነው። የኮሪደሩ መስኮት በስተቀኜ ስለሆነ ግራ ጉንጬ ጥላ ውስጥ ነበር፤ ደርቤበታለሁ። ሃያ ዓመት ለሌላው ሁሉ «ቀለም ብርሃን ላይ ወጥቶ ይታይ» እያልኩ የኖርኩት እኔ፣ የራሴን ፊት ወደ በሩ ሳላወጣ ቀረሁ። እናቴ ግን በአንዲት ዓይን፣ ያውም ትናንት በተከፈተች ዓይን፣ በሁለት ጉንጭ መካከል ያለውን ልዩነት አየች። ተመልሼ እግሯ ሥር ቁጭ አልኩና ሳላፍር አለቀስኩ። እፎይታ እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

«ተይ፣ ይወርድብሻል» አለችኝ። አገጬን ይዛ በአውራ ጣቷ ግራ ጉንጬን ጠረግ ጠረግ አደረገች፤ ራቅ ብላ አየችው፤ ጨመረችበት። «አሁን እኩል ሆነ።»

«አምሮብኛል?»

«ኧረ በጭራሽ። እኩል ሆነ ነው ያልኩት።»

አልታጠብኩትም። ቦርሳዬን አንግቼ ወጣሁ። ደረጃውን ወርጄ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ ማዶ አውቶቡስ የሚቆምበት ጋ ደርሼ ነበር፤ ከላይ መስኮቱ ሲከፈት ሰማሁ።

«አንቺ!» አለች እናቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪዞር። «የቦርሳሽ ማንገቻ ተጠማዟል!»

ወረፋው ላይ የቆሙት ሰዎች ትከሻዬን አዩት። እውነትም ተጠማዞ ነበር። እጄን አውለበለብኩላት። ማታ ስመለስ ደግማ እንድታየው ብዬ፣ አላቃናሁትም።